አዲስ አበባ ላይ ሳይክል ነጂ ለሳይክል ነጂ ሰላም አይልም እንዴ?

የጣናው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ናት፤ ግን ሳብሰለስላት ከረምኩ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራው። ሥራ የሚሄደው በሳይክል ነበር። ፈረቃ ሲቀየር ከፋብሪካው በር የሚወጣው የሳይክል መዓት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ዝም ብሎ አይነዳም። «እንዴት ዋልክ?»፣ «ልጅህ ተሻለው?»፣ «ነገ ለቅሶ አለ፣ ሰምተሃል?» እየተባባለ ነው ቤቱ የሚደርሰው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይነዳና አንዱ እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ ጣል ያደርጋል። እኛም ተማሪዎች ሆነን ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ በዘንባባው ሥር ስንመጣ እንደዚያው ነበርን። ከተማው ሜዳ ነው። ትንፋሽ አይቆርጥም። ለወሬ ይመቻል።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቤቴ ሾላ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ 4 ኪሎ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር የ4 ኪሎ መገናኛ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ የሳይክል መስመርም ተሠራለት። መስመሩን እንዳየሁ ሳይክሌን ከባሕር ዳር በአውቶብስ አስጭኜ አስመጣኋት። ጠዋት ከሾላ እነሳለሁ። እንግሊዝ ኤምባሲን አልፌ ወደ ቀበና ቁልቁል እለቀቃለሁ። ድልድዩን ከተሻገርኩ በኋላ እስከ 4 ኪሎ ያለውን ዳገት እገፋለሁ። «እገፋለሁ» ስል አንዳንድ ቀን ወርጄ በእግሬ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በየጠዋቱ የማገኛቸው ሰዎች አሉ። ሁሌም እነዚያው ናቸው። ልጁን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት አለ። ብርቱካናማ ጃኬት የማይለየው አንድ ቀጭን ሰውዬ አለ። ጀርባቸው ላይ ሳጥን ያዘሉ የዴሊቨሪ ልጆች አሉ። አንዲት ሴትም አለች፣ በጣም ፈጣን፤ ዳገቱ ላይ ሁሌ ጥላኝ ትሄዳለች። መልካቸውን ለይቼ አውቃለሁ። እነሱም እኔን እንደሚያውቁኝ እርግጠኛ ነኝ። ግን ስንተላለፍ ሁላችንም እንደ ባንክ ጥበቃ ኮስተር ብለን ነው።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና ለአባትየው ጮክ ብዬ «እንደምን አደሩ!» አልኩ። ደነገጠ። ፍሬን ያዘ። የወደቀበት ነገር ያለ መስሎት ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ኪሱን ዳሰሰ። ኪሱን! ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ፈገግ አለልኝ።

እና ምን ይሻላል? ደወል ልጠቀም ብል ሰው ሁሉ «ልቀቅ» ያልኩት ይመስለዋል። እጄን ላንሳ ብል የቀበና ቁልቁለት ላይ እጅን ከፍሬን ማንሳት ከነፍስ ጋር መጫወት ነው። ለሴት ሰላም ብል ለከፋ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «አዲስ አበባ ነው፣ ፋራ አትሁን፣ ሙድ ይይዙብሃል» ብሎ ዘጋኝ። እናንተስ ሰላም ትባባላላችሁ? እንዴት?

ፈጣን ጎማ

ኪሱን ዳሰሰ ስትል ሳቄ አልቆም አለ 😂

ወንድሜ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳይክል ላይ ነኝ። ምግብ ነው የማደርሰው። ቦሌ፣ ካዛንቺስ፣ ሀያ ሁለት፣ ሲብስ ሲኤምሲ ድረስ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተማው ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ከተባለ በኋላ ብዙዎቻችን በፔዳል ነው እንጀራችንን የምንበላው። ስለዚህ ይቺን ጥያቄ ለኔ ተዋት።

ሰላምታ አለ። ግን እርስ በርሳችን ነው። ሳጥን ያዘለ ልጅ ካየሁ ባላውቀውም ሰላም እለዋለሁ። አገጭ ቀና ማድረግ ነው፣ በቃ። ከቀረበኝ «የት ነው?» እለዋለሁ። «አትላስ» ይለኛል። «ዝናብ አለ እንዴ?» «ገርጂ ጥሏል፣ ላስቲክህን አውጣ።» «ሾላ ጋ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ አለ፣ ግራህን ያዝ።» የኛ ሰላምታ ይሄ ነው። ጤና ምናምን አንጠያየቅም። የሚጠቅመውን ነግረኸው ታልፋለህ፤ እሱም በሌላ ቀን ይነግርሃል።

ሰላም የማይሉንን ልንገርህ? እሁድ ጠዋት የሚወጡት። ጥብቅ ያለ ልብስ፣ የሚያብለጨልጭ መነጽር፣ ዋጋዋ የኔን የዓመት ገቢ የሚያስንቅ ሳይክል። እርስ በርሳቸው ሰላም ይባባላሉ፤ አይቻቸዋለሁ። እኛ ስናልፍ ግን አየር ነን። አንዴ ቦሌ መንገድ ላይ መብራት ይዞን ከአንዱ ጎን ቆምኩ። «ሰላም ነው?» አልኩት። ሳጥኔን አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ አላዘዝኩም።» ወላሂ!

እና የኔ ምክር ምንድነው፦ እየነዳህ አትጀምር። መብራት ላይ ጀምር። መብራት ላይ ሁሉም ሰው ቆሟል፣ ትንፋሹን ሰብስቧል፣ ኪሱን አይዳስስም። ስለ መንገዱ አንድ ነገር ንገረው። በማግስቱ ስትተላለፉ አገጩን ቀና ያደርግልሃል።

ጥቅሙንም ልጨምርልህ። የአንድ ጓደኛችን ሳይክል ሕንፃ ሥር ካቆመበት ተሰረቀች። ቀናት አለፉ፣ ተስፋ ቆረጥን። ከዚያ ሀያ ሁለት አካባቢ አንድ ሌላ ልጅ አያት። ይሄ ልጅ የጓደኛችንን ስም እንኳ አያውቅም፤ ስልክ ቁጥሩንም አልያዘም። በአገጭ ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ግን ሳይክሏን ያውቃታል፣ የኋላ ቸርኬዋ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተጠምጥሞባታል። ነጂውን ተጠጋና «ባለቤቱ የት ሄደ?» አለው። ሰውዬው መንተባተብ ጀመረ። ልጁ እየተከተለ ለሌሎቹ ደወለ፣ እኛም ከየአቅጣጫው መጣን። ስንከብበው ሳይክሏን ጥሎ እግሬ አውጪኝ። ሰላም ባይባባሉ ኖሮ ያቺ ሳይክል ዛሬ ቀለሟ ተቀይሮ የት እንደደረሰች አይታወቅም ነበር።

ሀቁ ይነገር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ጭራሽ አልገባኝም። መስመሩ ላይ ሊስትሮ ተቀምጧል። ሰው መሀል ቆሞ ስልክ ያወራል። መስመር ባልተሠራበት ሰፈር ደግሞ ሚኒባሱ ፊትህ ላይ በር ይከፍታል። ባለፈው ሳምንት ክንዴ ተልጦ ነው የገባሁት። ይሄ ሁሉ እያለ እናንተ ስለ ሰላምታ ታወራላችሁ? መጀመሪያ መንገድ! መጀመሪያ ሕግ!

ደግሞ የኛ ሰው ሰላምታ መቼ አጥሮ ያውቃል? «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነው፣ ጤና ነው፣ ቤተሰብ፣ ሥራ…» ብለን ሳንጨርስ ዳገቱ ያልቃል።

የጣናው ልጅ

ዳገቱ ካለቀማ ምን ፈለግን? 😄

ወንድሜ፣ ለክንድህ አይዞህ። የምትለው ሁሉ ልክ ነው። ግን መስመር መጨመርም ሆነ ሚኒባስ መቅጣት የኔ እጅ ላይ የለም። የኔ እጅ ላይ ያለው አፌ ነው (አባባሉ ተምታታብኝ፣ ገብቶሃል መሰለኝ)።

ስለ ሊስትሮው ካነሳህ ልንገርህ። ሾላ ጋ እኔም አንድ አለኝ። ሳጥኑን ከነወንበሩ መስመሩ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚሠራው። በመጀመሪያው ሰሞን ደወል እየነካሁ አልፈው ነበር። እሱም ቀና ብሎ ያየኝና ብሩሹን ይቀጥላል። በኋላ ደወሉን ትቼ «እንደምን አደርክ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ቆሜ ጫማዬን አስጠረግኩ። ስሙን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ወደ አጥሩ አስጠጋ። ማንም አስጠጋ አላለውም። አሁን እንዲያውም ከሩቅ ሲያየኝ መስመሩ ላይ ለቆመው ሰው «ሳይክል! ሳይክል!» እያለ ይጮህልኛል። እንደ ንጉሥ ነው የማልፈው።

ፈጣን ጎማ፣ «አላዘዝኩም» ያለህ ሰውዬ ይህን እንዲያነብ እጸልያለሁ። የመብራቱ ነገር ግን ተመችቶኛል። ነገ 4 ኪሎ መብራት ላይ እሞክረዋለሁ።

ጥቁር ጓንት

ስለ ሴቶች የጠየቅከውን እኔ ልመልስልህ፤ ወንዶቹ ገምተው ከሚመልሱልህ ይሻላል።

ከመገናኛ ቦሌ ነው የምነዳው። ሰላምታ አጥቼ አላውቅም። ችግሬ መብዛቱ ነው። «ቆንጆ፣ ጫኚኝ!» «አንቺ፣ ጎማሽ እየዞረ ነው!» «እግዚኦ፣ ሴት ሳይክል ስትነዳ!» አንዱ የሚኒባስ ረዳት ደግሞ ጎኔ በደረሰ ቁጥር ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ «ቦሌ ቦሌ! አንድ ሰው የሞላ!» ይለኛል። እሱስ ያስቀኛል፣ አልዋሽም። የቀሩት ግን አያስቁም። ስለዚህ አንድ ወንድ «ሰላም» ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴን እዘጋለሁ። ኩራት አይደለም። ልምድ ነው።

ለካፊውን ከሰላምተኛው የምለይበት ዘዴ ግን አለኝ። ለካፊ መልስ ይጠብቃል። ይቀንሳል፣ ዞሮ ያያል፣ ጎን ለጎን ይሆናል፣ ዝም ስለው ይደግማል። ሰላም ሊል የፈለገ ሰው ብሎ ያልፋል። መልስ ሰጠሁት አልሰጠሁት ግድ የለውም። ስለዚህ «ሰላም» በልና መንገድህን ቀጥል። አትቀንስ። አትዙር። ስም አትጠይቅ። ፈገግታህንም አታብዛው። በማግስቱም እንደዚያው አድርግ። እኔ ነኝ መቼ እንደምመልስ የምወስነው።

ሌላም ልጨምር፦ ከኋላዬ መጥተህ ድንገት ጆሮዬ ሥር «ሰላም!» አትበል፤ በተለይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ። የማታ ሰላምታ ፊት ለፊት ስንተላለፍ ብቻ ይሁን። ከኋላ ከሆንክ ደወልህን ነካ አድርገህ ራቅ ብለህ እለፍ፤ ለኔ ትልቁ ሰላምታ እሱ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ «አይዞሽ» አትበሉኝ፤ አልታመምኩም።

የምወደው ሰላምታም አለኝ። ገርጂ መገንጠያ ጋ ጠዋት ጠዋት እንጀራ የምታመላልስ እናት አለች። ባየችኝ ቁጥር መሶቧን እንደያዘች ቆም ብላ «ተባረኪ! ዛሬም አለሽ!» ትለኛለች። የቀረሁ ቀን በማግስቱ ትቆጣኛለች።

ለሴት ነጂ ሲሆን ደግሞ ሰላምታ የምጀምረው እኔ ነኝ። እጮሃለሁ። ከነዚህ አንዷ ጋር ዛሬ ጓደኛሞች ነን። እኔ ራሴ ሳይክል የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ መንገዶቹ እሁድ ለመኪና ሲዘጉ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ። ፍሬኑ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ስትወድቅ የሚያነሳህ ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ እዚያ ማንም ኪሱን አይዳስስም። ሰላም ማለት የሚያፍር ካለ መጀመሪያ እዚያ ይለማመድ።

የድሮ ፔዳል

ልጆቼ፣ ንባባችሁ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬ ሰባን ተሻግሯል። ጉልበቴ እሺ ባለኝ ቀን አሁንም እነዳለሁ፤ ሜዳ ሜዳውን።

ሳይክል የተማርኩት ጃን ሜዳ ነው። በስሙኒ ይከራዩናል፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ለመጥገብ እንራኮት ነበር። ታላላቆቻችን ስለ ሜልቦርን ያወሩልን ነበር። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ሯጮች ብቻ አልነበሩም የሄዱት፤ ሳይክል ነጂዎችም ነበሩ። ይህን ዛሬ ስናገር «ጋሼ ቀልድ ያውቃሉ» ይሉኛል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ላይ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ሲሰለፍ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ሳይክል የያዘ ጎረምሳ አስቁሜ ነገርኩት። ጎረምሳው ስለ ጽጋቡ አያውቅም ነበር። ግን ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ እስከ ቤቴ ሸኘኝ። ዛሬም በዓል ሲሆን ይደውልልኛል።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። እጅ አታንሱ። በተለይ ቁልቁለት ላይ። ሁለቱም እጅ መሪው ላይ፣ ጣት ፍሬኑ ላይ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በወጋችን ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብለን ከመቀመጫ ብድግ እንላለን። እኔ ሳይክል ላይም ያንኑ ነው የማደርገው። ከኮርቻው ትንሽ ብድግ፣ አንገት ሰበር፣ አለቀ። የገባው «በእግዜር» ብሎኝ ያልፋል። ያልገባው ወገቤን ያመመኝ ይመስለዋል፤ እሱም አይዋሽ፣ ያመኛል። ድሮ ባርኔጣ ማንሳት ነበር። የዛሬው ሄልሜት አገጭ ሥር የታሰረ ነውና አይነሳም።

ማን ይቅደም ለምትሉ፣ ቁልቁል የሚወርደው ይቅደም። ትንፋሽ ያለው እሱ ነው። ሽቅብ የሚወጣው ባይመልስ አትቀየሙት። የጣናው ልጅ፣ አንተ ያደግክበት ከተማ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ገደልና ዳገት ናት። ቀበናን የሚወጣ ሰው ፊቱ የሚኮሳተረው ጠልቶህ አይደለም። አየር እየፈለገ ነው።

የጣናው ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህ አልታየኝም ነበር። የማገኛቸውን ሰዎች አብዛኞቹን ለካ ዳገቱ ላይ ነው የማያቸው!

ከወንዝ ማዶ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ሥራዬ ዲሲ ነው፤ ሳይዘንብ በሳይክል እሄዳለሁ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር የማውንት ቨርነን መንገድ የሚባል አለ፣ ርዝመቱ 18 ማይል ገደማ ነው። መኪና አይገባበትም። እግረኛውም፣ ሯጩም፣ ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ሳይክሉም አንድ ላይ ነው። ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ሰው ስታልፍ መናገር ግድ ነው። ከኋላ ስትደርስ ደወል ትነካለህ ወይም «በግራህ ነኝ» ትላለህ። የታለፈው ሰው ብዙ ጊዜ ያመሰግናል፣ ወይም መዳፉን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ኪሱን የሚዳስስ አላየሁም። ለምን እንደተናገርከው ያውቃላ።

ለእናንተም ይህ የሚሠራ ይመስለኛል። የአዲስ አበባው መስመር ጠባብ እንደሆነ በቪዲዮ አይቻለሁ። «በግራ ነኝ፣ ሰላም» ብትል ሰላምታህ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። እህቴ ጥቁር ጓንት ያነሳችው የድንጋጤ ነገርም ይቀንሳል፤ ከሩቅ ነው የምትናገረው፣ ጆሮ ሥር አይደለም።

አንዴ አየር ማረፊያው አጠገብ አንዱን ሳልፍ እንግሊዝኛው ጠፋኝና «በግራ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሰውዬው ዞር ሳይል «እሺ፣ እለፍ!» አለኝ። ሁለታችንም ቆመን በሳቅ ሞትን። የጎንደር ልጅ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንነዳለን።

ሌላም የታዘብኩት አለ። በሙቀቱ ወራት፣ ቅዳሜና እሁድ ላይ፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ያን ጊዜ ሰላም የሚል የለም። መርካቶ ገብቶ ላገኘው ሁሉ ሰላም የሚል አለ? ብርዱ ሲመጣ፣ ጨለማው ሲረዝም፣ ጥቂት እብዶች ብቻ እንቀራለን። ያን ጊዜ ሁሉም ሰላም ይላል። አንዳንዱ እንዲያውም ያቆምህና ጓንትህን የት እንደገዛህ ይጠይቅሃል። አዲስ አበባ ላይ እናንተ ገና ጥቂት ናችሁ። ስትበዙ መጀመር ይከብዳችኋል፤ አሁን ነው ጊዜው።

ሀቁ ይነገር

መርካቶ ያልከው ገብቶኛል። ግን ጥቂት በመሆናችን ነው እኮ መኪናው የሚንቀን። እኔ ሰላምታው ቀርቶብኝ ብዙ መሆንን እመርጣለሁ።

ጥቁር ጓንት

ሀቁ፣ ሰው ብቻውን የሆነ ሲመስለው እኮ ነው የሚያቆመው። አብራኝ የጀመረች ልጅ ነበረች። መኪና ገፍቷት አይደለም የተወችው፤ ምንም አልደረሰባትም። «እዚህ መንገድ ላይ ከኔ ሌላ እብድ የለም» ብላ ነው ሳይክሏን የሸጠችው። እኔ በዚያው መንገድ ከሷ በግማሽ ሰዓት ቀድሜ አልፍ ነበር።

የጣናው ልጅ

ምክራችሁን ይዤ ወጥቼ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

መብራቱ ይሠራል። 4 ኪሎ ላይ አንድ የዴሊቨሪ ልጅ አጠገቤ ቆመ። «ቁልቁለቱ ላይ ውሃ ፈሷል፣ ያንሸራትታል» አልኩት። «አመሰግናለሁ ብሮ» አለኝና ሄደ። ከሰዓት ስመለስ ማዶ ሆኖ አገጩን ሲያነሳልኝ አየሁ። በደስታ መንገደኛ ልገጭ ነበር።

የጋሼ ብድግታ ቁልቁለት ላይ ጥሩ ነው፤ ሳይክሉም አይረበሽም። ግን ሳይክሌ አሮጌ ናት፣ ኮርቻዋ ሲጢጥ ይላል። ሰላምታዬ ከሩቅ ይሰማል።

ለፈጣኗ ሴት እንደተባልኩት አደረግኩ። «ሰላም» ብዬ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። አልመለሰችም። ጥቁር ጓንት እንዳለችው ምንም አልሆንኩም። ነገም እላለሁ።

ብርቱካናማው ጃኬት ወይ ፍንክች። ሽቅብ ሲወጣም ቁልቁል ሲወርድም ኮስታራ ነው። አየር ፍለጋ ነው እንዳልል ቁልቁል እየተንሸራተተ ምን አየር ይፈልጋል? ይሁን፣ አንዳንድ ሰው ጠዋት አይወድለትም።

ከአባትየው ጋር ነገሩ በልጁ በኩል ተፈታ። ልጁ ከኋላ ሆኖ ከሩቅ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። እሱ እጁን ቢያነሳ ፍሬን የለበት! አባቱ መጀመሪያ ግራ ገባው። አሁን «እንደምን አደርክ» ይለኛል፤ እንዲያውም ባለፈው «ትናንት ቀረህ» አለኝ።

ሀቁ ይነገር

እሺ በቃ፣ ሊስትሮውን እኔም እሞክራለሁ፤ ጫማዬም ቆሽሿል። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ክንዴን የላጠው ሊስትሮ አይደለም። የሚኒባሱን በር ማን ሰላም ይበለው?

ፈጣን ጎማ

በሩን አይደለም፣ ረዳቱን ነው። ሀያ ሁለት ላይ የሚሠሩትን ልጆች ብዙዎቹን በስም አውቃለሁ። ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው አቆምና «ዛሬ እንዴት ነው ገበያው?» እላቸዋለሁ። አንዳንዴ ውሃ እንካፈላለን። የሚያውቅህ ረዳት በሩን ከመክፈቱ በፊት አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል፤ «ቆይ፣ ጀለሳችን እየመጣ ነው» ብሎ ተሳፋሪውን ሲያስቆም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። የመገናኛዎቹ ላይ አልሠራልኝም፤ ሰዉ ብዙ ነው፣ ረዳቱም በየቀኑ ይቀያየራል። እዚያ ስትደርስ ከበሩ አንድ ክንድ ተኩል ራቅ ብለህ ንዳ።